ከመንገድ ሲታይ ባዶ የሚመስለው ቤት

«እትዬ ለምን» የሚለውን ስም ያወጡላት አብረዋት ልብስ የሚተኩሱት ሴቶች ናቸው። አንድ ጠዋት «ደህና አደርሽ?» ሲሏት «ለምን ጠየቃችሁኝ?» ብላ መለሰች ይባላል። እሷ ግን እንዲያ አላልኩም ትላለች። «ደህና ነኝ፣ ምነው ጠየቃችሁኝ ነው ያልኩት። እሱና እሱ አንድ አይደለም» ትላለች። ልዩነቱን እስከ ዛሬ ያገኘው ሰው የለም፤ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ። ኋላ ኋላ ደንበኞቹም ሳይቀሩ «እትዬ ለምን አለች?» እያሉ ኮታቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር።

የላውንደሪው ጓዳ ጠባብ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እንፋሎት ይሞላዋል፤ መስኮቷ ላይ ያለው መስታወት ላብ እንዳጠመቀው ግንባር ሁልጊዜ ይንጠባጠባል። እትዬ ለምን የምትቆመው ከግድግዳው ጥግ፣ በሩን ፊት ለፊት እያየች ነው። ጀርባዋን ለበር ሰጥታ ተኩሳ አታውቅም። አዲስ ሠራተኛ ስትመጣ ሸሚዝ የምታስተምረው እሷ ናት። «ኮሌታውን ከጫፍ ወደ መሀል ነው የምትተኩሺው። ከመሀል ወደ ጫፍ ከሄድሽ ጨርቁ እየተገፋ ጫፉ ላይ ይኮማተርብሻል። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፣ ገላው መጨረሻ።» ይህን ብላ ስታበቃ ደግሞ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «ልብሱ አንዳች መጨማደድ የሌለበት ሰው ካየሽ አትመኚው። ሰው ሁሉ ጭምድድ ነው። የምተኩሰው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

ቤቷም እንደ እሷ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፣ ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ። መንገዱን የሚያይ አንድ ትልቅ መስኮት አለው፤ እዚያ ላይ ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃው ሲከፈት ያየ ጎረቤት የለም። ጫማ በር ላይ አይቀመጥም፣ ልብስ በመንገዱ በኩል አይሰጣም፣ ሬዲዮም ከተከፈተ የሚሰማው ጆሮውን ላስጠጋ ሰው ብቻ ነው። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ዝም ይባላል። ደግሞ ከተንኳኳ «ማነው?» ይባላል። ከዚያ «ማንን ፈለጉ?»፣ ከዚያ «ለምን?»። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው መቀርቀሪያው የሚንቀሳቀሰው። የታክሲ ሹፌሩ ወንድሟ፣ የእናትና የአባቷ ልጅ የሆነው ታናሿ፣ እንኳን ይህንኑ መንገድ ያልፋል። «ማነው?» ስትለው «የገዛ ወንድምሽ» ይላል። «የቱ ወንድሜ?» ስትለው «ስንት አለሽ አንቺ ሴት?» እያለ ደረጃው ላይ ይስቃል።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ልጅ ሳለች የሚኖሩበት ቤት ጸሐይ የሚሞላው ቤት ነበር፤ የሎሚ ዛፍ በጓሮ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ሰፊ መስኮት። አንድ ቀን ጥሩ ኮት የለበሰ ሰውዬ በመንገድ ሲያልፍ ቆም አለና እናቷን በትሕትና ሰላም አላት። «እንዴት ያለ ደስ የሚል ቤት ነው። የጠዋት ጸሐይ የሚገባው በየትኛው ክፍል ነው?» አላት። እናቷ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ደስ አላት። የጠዋቱ በዚህ ነው፣ የከሰዓቱ በዚያ ነው፣ የጉድጓዱ ውሃ በበጋም አይደርቅ፣ ወለሉም ሲረገጥ አይጮህ እያለች አዙራ አሳየችው። ሰውዬው ውሃ ለምኖ ጠጣ፤ የትንሿንም ልጅ ጭንቅላት ዳበስ አድርጎ ሄደ። ክረምቱ ሲወጣ ቤቱ ለመንግሥት ሥራ ይፈለጋል፣ ልቀቁ ተባሉ። ለቀቁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጅቷ በዚያ መንገድ ስታልፍ ያ ሰውዬ የጠዋት ጸሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አየችው። እጁን አውለበለበላት። እናቷ ከዚያ ወዲያ ስለ ጸሐይ አንስታ አታውቅም። ወንድሟም ያን ጊዜ የሚታዘል ሕፃን ስለነበር አያስታውሰውም። ነገሩ በእትዬ ለምን ሆድ ውስጥ ብቻ ቀረ፤ ለማንም አልነገረችው፣ ለልጇም ቢሆን።

ልጇ ሚጡ ትባላለች፤ ሚጡ መባል ካለባት ዕድሜ ብታልፍም ስሙ አለቀቃትም። አባቷ በአራስነቷ ስላረፈ ቤቱ የእናትና የልጅ ነው። ሚጡ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በእጇ የገባውን ወረቀት ሁሉ በቤት ሥዕል ትሞላው ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ስታልፍ ምን ልትማሪ ነው ተባለች፤ የቤት ንድፍ፣ አርክቴክቸር አለች።

«ከትምህርት ሁሉ መርጠሽ የሰው ቤት?» አለቻት እናቷ።

«ምን አለበት እማ?»

«ምንም የለበትም። ጠየቅኩሽ ነው።»

ነገሩ የከበደው የትምህርት ክፍሉ በውጤት ብቻ እንደማይቀበል በተሰማ ጊዜ ነው። የሚወስደው ጥቂት ተማሪ ነው፤ እነሱንም አንድ በአንድ አስገብቶ ያነጋግራል። በዚያ ላይ ሚጡ የራሷ ስልክ ስለሌላት የእናቷን ቁጥር ሰጥታ መጣች። እትዬ ለምን ይህን ስትሰማ ካውያውን እንደያዘች የቀረች ያህል ክው አለች።

«የእኔን ስልክ? ለምን ሰጠሻቸው?»

«ካለፍኩ ደውለው ሊነግሩኝ ነዋ።»

«ካላለፍሽስ ቁጥሬን ምን ያደርጉታል?»

ሚጡ እርሳሷን አንስታ ሥዕሏን ቀጠለች።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው እሁድ አጎትየው መጣ፤ በሩ ላይ የሚባለው ሁሉ ተባለና ገባ። ሻይ ቀርቦ ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። ሚጡ አምና ከገቡ ልጆች የሰማችውን ታወራለች። «የሚጠይቁት ከመጽሐፍ አይደለም አሉ። አንዷን ልጅ ጥላ ክብደት ቢኖረው ከተማ ምን ይመስል ነበር አሏት። ሌላውን ደግሞ ደረጃ ሲወጡትና ሲወርዱት አንድ ነው ወይ ብለው ጠየቁት።»

«አንድ አይደለማ» አለ አጎትየው። «ሲወጡት ልብ ነው የሚደክመው፣ ሲወርዱት ጉልበት ነው የሚያመው። በቃ፣ ተቀበሉኝ?»

«መልሱ ምንድን ነው?» አለች እትዬ ለምን፣ ልጇን እንጂ ወንድሟን ሳታይ።

«መልስ የለውም እማ። እንዴት እንደምታስቢ ለማየት ነው።»

እትዬ ለምን የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «መልስ የለውም። ሰማህ? መልስ የሌለው ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሁለት ጊዜ ሁለት ስንት ነው ካሉ፣ አራት ያለ አለፈ፣ አምስት ያለ ወደቀ፤ ማንም መጥቶ አይከራከርም። መልስ ከሌለው ግን ማን አለፈ ማን ወደቀ በምን ይታወቃል? የወደዱትን ያስገባሉ፣ ያልወደዱትን እንዴት እንደምታስቢ አላማረንም ይሉታል። ዘመድ መጥቀሚያ ነው።»

«ወይ ደግሞ ጥያቄ ነው» አለ አጎትየው።

«ጥያቄ ብቻ የሆነ ጥያቄ አይቼ አላውቅም።»

ሆኖም ልጇ መሄዷ ካልቀረ ባዶ እጇን አትሄድም ብላ ልታለማምዳት ተነሳች። አጎትየው የእህቱን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ ወይዘሪት። ጥላ ክብደት ቢኖረው ኖሮስ?»

«እንደየሁኔታው ነው በይ» አለች እትዬ ለምን።

«ደረጃ ሲወርዱት?»

«አላስተዋልኩም በይ።»

«ለመሆኑ ወይዘሪት፣ እንዴት ያለ ቤት ውስጥ ነው የምትኖሪው?»

«ለምን ጠየቁኝ በይ። ፈገግ ብለሽ ነው ታዲያ፣ እንዳይቀየሙ።»

አጎትየው መነጽሩን አወለቀ። «በዚህ አያያዝ ይቺ ልጅ ተማሪ ሳትሆን ተከሳሽ ነው የምትመስላቸው።»

ሚጡ ሳቀች፤ እንደ ቤቱ ደንብ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። እናቷ ግን አልሳቀችም። የልጇን እጅ ያዘች። «ሌላ ሌላውን የፈለግሽውን በይ። ስለ ቤታችን ግን አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። እማ ትሙት በይ።»

«እማ!»

«በይ አልኩሽ።»

«እማ ትሙት» አለች ሚጡ።

የቃለ መጠይቁ ቀን እትዬ ለምን ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራ ሄደች። የልጇን ነጭ ሸሚዝ ኮሌታውን ደጋግማ ተኩሳው ጫፉ ሊቆርጥ ደርሷል። ረጅም ኮሪደር ነው፤ በአንድ በኩል የተዘጉ በሮች፣ በሌላው በኩል ልጆች የተደረደሩበት አግዳሚ ወንበር። ወላጁን አስከትሎ የመጣ ሌላ ልጅ የለም። ጥበቃው «እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ ለምንድን ነው?» ቢላት ትክ ብላ አየችው እንጂ አልመለሰችለትም።

ከፊታቸው የገባ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ አንገቱን እያከከ ወጣ። እትዬ ለምን እግሩን ሳያነሳ ያዘችው።

«ምን ጠየቁህ የኔ ልጅ?»

«ግራ የገባ ነገር ነው እናቴ። አንድ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩንና አለመኖሩን ከመንገድ ላይ ሆነህ በምን ታውቃለህ አሉኝ።»

እትዬ ለምን ወደ ልጁ ጠጋ አለች። «ምን ብለህ መለስክ?»

«በመብራቱ አልኳቸው። ቀን ከሆነስ አሉኝ።»

«ቀን ከሆነስ አሉህ?» ወደ ልጇ ዞረች። «ሰምተሻል? ይሄ የሌባ ጥያቄ ነው።»

«ኧረ እናቴ፣ ፕሮፌሰሮች ናቸው» አለ ልጁ እየሳቀ።

«ፕሮፌሰር አይሰርቅም ያለህ ማነው?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ሚጡ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ተጠራች።

ገብታ ብዙም አልቆየች። ስትወጣ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ሁሉም ካለቀ በኋላ ተመለሺ ተብያለሁ» አለች።

«ለምን? ሌላውን ተመለስ አላሉትም። ለምን አንቺን ብቻ?»

«ምንም ስላልመለስኩላቸው ነዋ! እንደየሁኔታው ነው አልኩ፣ አላስተዋልኩም አልኩ፣ ለምን ጠየቃችሁኝ አልኩ፤ ፈገግ ብዬ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጸጉራቸው የሸበተው ሴትዮ፣ ልጄ እዚህ የሚከስሽ የለም፣ ትንሽ ተናፍሰሽ ነይ አሉኝ።»

«ልጄ አለችሽ? ገና ባየችሽ?»

«እማ» አለች ሚጡ፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ዝቅ ማለቱ ነው ያስፈራው። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤት መሥራት ነው የምመኘው። ሲጠይቁኝ ከየት አምጥቼ ልናገር? በደንብ የማውቀው አንድ ቤት ነው። እሱን ደግሞ አትናገሪ አልሽኝ። ለምን እንደማልናገር እንኳን አልነገርሽኝም።»

እትዬ ለምን የጸሐዩን ቤት ልትነግራት ቃጣት። የሰውዬው ኮት፣ የጠጣበት ብርጭቆ፣ እጁን ሲያውለበልብ፤ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ግራና ቀኝ አየች። ኮሪደሩ ሰው ነበረበት። ዋጠችው።

አግዳሚው እየተራቆተ ሄዶ እናትና ልጅ ብቻ ሲቀሩ ሚጡ እንደገና ተጠራች። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ እትዬ ለምን ተነስታ ጆሮዋን ለጠፈች። ነውር መሆኑን ታውቃለች። ግን ሰዎቹ ልጇን ምን እንደሚያደርጓት ሳታውቅ ከመቀመጥ ነውሩ ይሻላል።

«ባዶ መሆኑን ከውጭ ማወቅ አይቻልም» ይላል የልጇ ድምፅ። «እኔ አንድ ቤት አውቃለሁ። ከመንገድ ስታዩት ማንም የለበትም። መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ ነው፣ አረንጓዴ ነው። በሩ ላይ ጫማ አታዩም። ቢያንኳኩ መጀመሪያ ዝም ነው። ሰፈር ውስጥ አዲስ የመጡ ሰዎች የሚከራይ ቤት መስሏቸው ይጠይቃሉ። ውስጡ ግን ሰው አለ። ሻይ ይፈላል። ሲሳቅ እጅ አፍ ላይ ተደርጎ ነው እንጂ ይሳቃል።»

የእትዬ ለምን እጅ የበሩን እጀታ ጨበጠ። ልጇ መጋረጃውን፣ በሩን፣ ዝምታውን፣ ሁሉንም አውጥታ ለባዕድ እየሰጠች ነው። እንደ እናቷ፤ ልክ እንደ እናቷ፣ የጠዋቱ በዚህ ነው፣ የከሰዓቱ በዚያ ነው። እጀታውን ወደ ታች ብትጫነው ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«የቤቱ ባለቤት ምንድን ነው የምትፈራው?» አለ የወንድ ድምፅ።

«አላውቅም» አለች ሚጡ። «ጠይቄ አልተመለሰልኝም። ግን ያን ቤት አንቺ ሥሪው ብባል መጋረጃውን አልቀደውም። መጀመሪያ እሷ መንገዱን የምታይበት፣ መንገዱ ግን እሷን የማያይበት መስኮት እሠራላታለሁ። ብርሃን ከላይ በኩል አስገባለሁ። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እያለች ትለምደው ይሆናል። ካልለመደችውም ቤቱ የእሷ ነው።»

ከውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። እትዬ ለምን እጇን ከእጀታው ላይ ቀስ ብላ አነሳችና አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሚጡ ስትወጣ ቦርሳዋን እየፈተሸች ነበር፣ የምትፈልገው ነገር ግን አልነበረም።

ደረጃውን ወጥተው ቁልፍ ሲገባ ብቻ ነው እናትየዋ የተናገረችው።

«እማ ትሙት ብለሽኝ ነበር።»

ሚጡ ተሰምታ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ፊቷን ወደ መሬት አደረገች። «አልሞትሽም እማ» አለች።

በሚቀጥሉት ቀናት እትዬ ለምን የመጋረጃውን ግራና ቀኝ ጠርዝ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጨርቅ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የሚቆም ሰው ሁሉ ከዩኒቨርሲቲው የተላከ ይመስላት ጀመር። በሥራ ቦታም ኮት ሲመጣላት ኪሱ ላይ መነጽር መያዣ ካየች «የማን ነው?» ትላለች።

ስልኩ የጮኸው እንፋሎቱ ባየለበት ሰዓት ነው። አንዲት ወጣት ሴት ናት። የሚጡን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ አሟልታ ጠራችና «ቤተሰቧ ነዎት?» አለች።

ለዚህ ማሰብ አላስፈለጋትም። እጇ ከካውያው እንደሚሸሽ ሁሉ አፏም በራሱ ነው የሠራው። «ተሳስተሻል እህቴ። እንዲህ የምትባል ሰው አላውቅም» አለችና ዘጋችው። እንዲያውም ልቧ ሞላ። ስሟን ከነአያቷ ያወቀች ሴት፣ ማን እንደሆነች ሳትናገር!

ማታ ስትገባ ሚጡ በሩን ከመዝጋቷ በፊት «ማን ደወለ?» አለቻት። ያ ቀጭን ልጅ ተደውሎለት ነበር። ተቀባይነት ያገኙት በስልክ እየተነገራቸው ነው፤ ስልካቸው ያልተገኘ ተማሪዎች ቦታ ነገ ከሰዓት ለተጠባባቂዎች ይሰጣል።

እትዬ ለምን ነጠላ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ እንዳለች ትንሽ ቆየች። «የደወለ የለም» ልትል ነበር። ያም አልወጣትም። «በእንፋሎቱ ጩኸት ስልክ የት ይሰማል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ጓዳ ሆና ወደዚያ ቁጥር ብትደውል ይጠራል፤ የሚያነሳው ግን የለም። ቢሮው ተዘግቷል።

ጠዋት ወደ ሥራ እሄዳለሁ ብላ ወጣችና ወንድሟን መንገድ ላይ ጠብቃ ታክሲው ውስጥ ገባች። የሆነውን ስትነግረው መኪናውን ወደ ዩኒቨርሲቲው አዞረ። ሊቀልድባት ይችል ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ያጠራቀመው ነበረው።

«ምን ልትያቸው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«አላውቅም።»

«እውነቱን ንገሪያቸው።»

«ባያምኑኝስ?»

ወንድሟ በመስታወቱ አያት። «አሁን ገና የሰው ወግ ደረሰሽ» አለ።

ቢሮው ውስጥ የተቀመጠችው ጸሐፊ ልጅ እግር ናት፤ ድምጿን ስትሰማ የስልኳ ሴት መሆኗን አወቀች። እትዬ ለምን የልጇን ስም ጠርታ እናቷ ነኝ፣ ትናንት የተደወለው ለእኔ ነው አለች።

ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አየች፤ እሷንም አየች። «ትናንት በዚህ ቁጥር ያነሳች ሴት እንዲህ የምትባል ሰው አላውቅም ብላኛለች።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«የገዛ ልጅዎን አላውቃትም አሉ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

እትዬ ለምን ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላው ስትሰጥ የኖረችው ቃል ወደ እሷ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። መታወቂያዋን አወጣች። ጸሐፊዋ አገላብጣ አየችው። ላዩ ላይ ያለው የእሷና የአባቷ ስም ነው፤ የሚጡ ስም የለበትም።

«እናቴ አይቀየሙኝ» አለች ጸሐፊዋ። «ቤተሰቡ ነኝ ብሎ መጥቶ የሌላውን ቦታ ሊያበላሽ የሚሞክር አለ። ለተጠባባቂ ዘመዱ ብሎ። ልጅቷ ራሷ ለምን አልመጣችም?»

«አላወቀችም። ስልኩን እንደዘጋሁብሽ አልነገርኳትም።»

«እሱንም አልነገሯትም።»

«አልነገርኳትም።» እትዬ ለምን መታወቂያዋን መልሳ ያዘች። «እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር» አለች፤ እውነቷን ነው።

ከውስጠኛው ክፍል ጸጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ብርጭቆ ይዘው ወጡ። ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ ጸሐፊዋም ነገረቻቸው። ሴትዮዋ እትዬ ለምንን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ደረቅ ዓይን ነው፤ የሚያባብል አልነበረበትም፤ ለእሷ ደግሞ የሚያባብል ቢሆን ይብስባት ነበር።

«ቤታችሁ የት ነው?» አሏት።

ይኸው መጣ። ጥሩ ኮት የለበሰው ሰውዬ እንደገና ደጃፏ ላይ የቆመ መሰላት። ወደ በሩ አየች። በሩ ክፍት ነው፤ መሄድ ትችላለች። ከሄደች ግን የሚጡ ቤቶች ከወረቀት ላይ አይወርዱም።

«ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ነው» አለች። «ሁለተኛው ፎቅ ላይ። መንገዱን የሚያይ መስኮት አለው። መጋረጃው አረንጓዴ ነው፣ ወፍራም። ሰሞኑን ጠርዙን በመርፌ አያይዤዋለሁ። ጫማ ውጭ አናስቀምጥም። ልብስ በዚያ በኩል አናሰጣም። ቢያንኳኩ መጀመሪያ ዝም እንላለን።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሰው የሌለበት ነው የሚመስለው። ግን አለን።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እሷ ናት» አሏት ጸሐፊዋን። «መዝግቢያት።» ከዚያ ወደ እትዬ ለምን መለስ ብለው «ለመሆኑ መጋረጃውን ለምን…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ይቅርታ። ይህን የመጠየቅ መብት የለኝም።»

ጥያቄውን ከአፉ የመለሰ ሰው እትዬ ለምን አይታ አታውቅም። ምን ፈልገው እንደሆነ ልትመረምር ፊታቸውን አየች፤ ምንም አላገኘችበትም። እግሯ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጸሐይ የሚገባው ቤት ነበረን» አለች። ከዚያ በላይ ሳትጨምር ደረጃውን ወረደች።

ከሥራ ስትመለስ ሚጡ አልጋው ላይ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ተኝታ ነበር። «ተቀብለውሻል» አለቻት ከበሩ።

ሚጡ ብድግ አለች። «ማን ነገረሽ?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እማ!»

ያን ጊዜ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት፤ ስልኩን እንዴት እንደዘጋች፣ ጸሐፊዋ ለምን እንዳለቻት። ሚጡ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች። ማልቀሷ ሳያልቅ እናቷ ሌላ ጀመረች፤ የሎሚውን ዛፍ፣ የማይጮኸውን ወለል፣ ሰውዬው ጭንቅላቷን ሲዳብሳት እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸት እንደነበር። ሚጡ ትንፋሿን ይዛ ሰማች።

«መስኮቱ ምን ያህል ነበር?» አለች ሲያበቃ።

እትዬ ለምን በጥርጣሬ አየቻት። «ምን ልታደርጊው ነው?»

«ልሥለው።»

ትንሽ አሰበች። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ አሳየቻት፤ አልበቃ ሲላት ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ከዚህ እስከዚህ ለማለት። መጋረጃው ያዛት። አንዱን መርፌ ቁልፍ ነቀለች፣ ከሥሩ ያለውንም። ጠርዙ ጣት የሚያሾልክ ያህል ተከፈተና የማታ ጸሐይ ወለሉ ላይ ቀጭን መስመር ሠራ። ወደ ጎን ቆማ በቀዳዳው ቁልቁል አየች።

«ያ ሰውዬ ምን ያያል?» አለች።

ሚጡ ከኋላዋ መጥታ አንገቷን አሰገገች። «ታክሲ እየጠበቀ ነው።»

«ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሽቅብ ያያል?»

«እንደየሁኔታው ነው» አለች ሚጡ።

እትዬ ለምን ሳቋ አመለጣት፤ ሰውዬው እስኪሄድም አፍጥጣ ጠበቀችው። መርፌ ቁልፎቹን ግን መልሳ አላያያዘቻቸውም፤ ልብሷ ደረት ላይ ሰካቻቸው፣ ምናልባት ካስፈለገ።